ምዕራፍ ሰባት፤ የተቀበረው መክሊት፦ ስለ ቸልታና ስለ ልዩ ልዩ መልኮቹ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ «ገብር ኄር» ተብሎ ይጠራል። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ ሦስት አገልጋዮቹ የሚናገር ነው፤ ጌታው ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱም አንድ መክሊት ሰጥቷቸው ነበርና ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረውና ጌታው በተመለሰ ጊዜ የተቀበለውን ምንም ሳያጎድል እንዳለ መለሰለት። ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ልቤ የሚያዝነው ለዚህ ለሦስተኛው ሰው ነበር። አልሰረቀ፣ አላጭበረበረ፣ በመጠጥ አላጠፋ፤ ታዲያ በምን ጥፋቱ ወደ ውጭ ተጣለ እያልሁ ሳስብ ሰንብቼ አንድ ቀን የኔታን ደፍሬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሌባ እኮ ቢያንስ የሰረቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ያውቃል» ብለው መለሱልኝ።

ያን መልስ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ይህም ምዕራፍ የእርሱ ትርጓሜ ነው ለማለት ይቻላል። ሕጋችንም፣ ተረታችንም፣ ወቀሳችንም በሠሪው ላይ እንጂ ባልሠራው ላይ ብዙ ጊዜ አይበረታም፤ የሰበረውን እንከስሳለን፣ ሲሰነጠቅ እያየ ያለፈውን ግን «ምን አደረገ?» ብለን እናሰናብተዋለን። ዳሩ ግን የአንድን ሕዝብ ሀብት፣ ቅርስ፣ አልፎም ሕይወት ከሚያጠፉት ነገሮች መካከል ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ምንም ያላደረገ ሰው እጅ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ጥፋት አንድ ስም ብቻ ሰጥቶ አልተወውም። ከግእዝ የወረስነው ዝንጋዔ አለ፤ ይኸውም የልብ መርሳት ነው። ሀኬት አለ፤ ይኸውም እያወቁ መታከት፣ ለነገ ማሳደር ነው፤ ያ መክሊቱን የቀበረውም አገልጋይ በመጽሐፍ ቋንቋ ሀካይ ይባላል። ንቀት አለ። አይቶ እንዳላየ ማለፍም አለ። እነዚህን ሁሉ «ቸልተኝነት» በሚል አንድ ከረጢት ከተን ስንወቅስ፣ ሆዴን አመመኝ ላለው ሁሉ ኮሶ እንደሚያጠጣ ሰው እንሆናለን፤ ኮሶ ለኮሶ ትል መድኃኒት ነው፣ ሌላውን ሕመም ግን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻው እንመልከት።

፩. ዝንጋዔ

ዝንጋዔ ከቸልታ ዓይነቶች ሁሉ የዋሁ ነው። ሰው የሚዘነጋው የራቀውን ነገር ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን አብልጦ የሚዘነጋው ዘወትር በፊቱ ያለውን ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረታችን ይህንኑ ያስተምራል።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ይህን ተረት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ቄስ በደስታ ተቀብለውኝ፣ በግድግዳው ላይ ከተተከለው ችካል አንድ ማኅደር አወረዱና ከውስጡ የብራና ዳዊት አውጥተው በጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። የፊተኞቹ ቅጠሎች ያማሩ ነበሩ፤ ጥቁሩ ቀለም እንደ ትናንት ጽሕፈት ያበራል፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ተለይተዋል። ወደ መካከሉ ስደርስ ግን ቅጠሎቹ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትረው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል፤ በአንዱ ገጽ ላይ የጧፍ ጠብታ ሰም ሆኖ ቀርቷል። ቀና ስል፣ ማኅደሩ ይሰቀልበት ከነበረው ችካል በላይ በሣሩ ክዳን ውስጥ የሰማይ ብርሃን ታየኝ።

ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ሠሪው ቆዳውን በውኃ ይዘፈዝፈዋል፣ በእንጨት ላይ ይወጥረዋል፣ ጸጉሩንና ሥጋውን እየፋቀ ያሳሳዋል፤ ደብተራውም ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ይጽፍበታል። ይሁን እንጂ ብራና ምን ቢለፋ ቆዳነቱን አይረሳም፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከላዩ ያለው ቀለም ግን አብሮት ሊያብጥና ሊኮማተር አይችልምና እየተሰነጠቀ ይረግፋል። አንድ ክረምት ብዙ ላይጎዳው ይችላል፤ ሃያ ክረምት ግን ሳይቀደድና ሳይቃጠል ጽሕፈቱን ያጠፋዋል።

በዚያ ዳዊት መጨረሻ ላይ፣ በብዙ የብራና መጻሕፍታችን እንደሚገኘው ሁሉ፣ መጽሐፉን የሰረቀውም ሆነ ጽሕፈቱን የፋቀው ውጉዝ እንዲሆን የሚያዝዝ ቃል ነበር። ሽማግሌው ቄስ ያን ቃል ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ያን መጽሐፍ ግን ሌባ አልነካውም፣ ፋቂም አልፋቀውም፤ የበላው ክዳኑ ነበር። እኔ ባየኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ክዳን ሳያድስ የቀረውን ሰው የሚያወግዝ ቃል አንድም ቦታ አላገኘሁም።

ዝንጋዔ የእኛ ብቻ ጠባይ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በቀደሙት ክርስቲያኖች ዘንድ ይነበብ የነበረ መጽሐፍ ሲሆን ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ከመጻሕፍት ቁጥር አውጥተው ስለ ተዉት በሌላው ዓለም ሙሉው ጠፋ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይጎድል የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት ስሙን ያውቁት ነበር እንጂ ሙሉውን ሊያነቡት አልቻሉም፤ በእንግሊዝኛም የተተረጎመው በ1821 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ የመጽሐፉ ጥንታዊነት ተረጋገጠ። እንግዲህ ዓለም የዘነጋውን እኛ ያቆየነው በምን ኃይል ነው? የብረት ሣጥን አልነበረንም፤ ነገር ግን የሚያነብ ነበረን። የሚነበብ መጽሐፍ ሲያረጅ ይገለበጣል፣ ክዳኑ ሲያፈስስም ከሚያፈስሰው ሥር ይነሣል፤ ንባብ ራሱ ጥበቃ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣታቸውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለዝንጋዔ መድኃኒቱ ማስታወስ ነውና፣ የተቆጠረና የተመዘገበ ነገር በቀላሉ አይዘነጋም።

፪. ሀኬት

ሀካይ ሰው አልረሳም። ክዳኑ እንደሚያፈስስ ያውቃል፤ ግን «ከመኸር በኋላ» ይላል፣ ከመኸር በኋላ «ከፋሲካ በኋላ» ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ዝናብ ይገባል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት የሀኬትን ዋጋ በሚገባ ስለ ቆጠሩት ነው፤ በማለዳ በቅጠል የሚጠፋው እሳት ከቀትር በኋላ በእንስራ ውኃ አይጠፋምና።

ሀኬት በሕዝብ ሥራ ላይ የሚሰለጥንበት አንድ ልዩ ምክንያት አለ። መሠረተ ድንጋይ የሚያኖር ሰው ስሙ በእብነ በረድ ይቀረጽለታል፣ እልልታና ጭብጨባ ይቀበለዋል፤ በየዓመቱ በግንቦት ወር አሸንዳውን የሚጠርግ፣ የመንገዱን ቦይ ከደለል የሚያጸዳ ሰው ግን ስሙን የሚጽፍለት የለም፤ ሥራው ያማረ እንደ ሆነ ምንም ነገር አይታይምና። ጎርፍ ያልገባበት ቤት ለማንም ወሬ አይሆንም። ስለዚህ መሥራት ክብር ሲሆን መጠበቅ የሎሌ ሥራ ይመስላል፤ አዲሱ ሕንጻ ሲቆም አሮጌው በስተጀርባው ይፈርሳል።

ሀኬት በመንግሥታት መካከል ሲሆን ደግሞ ቀጠሮ የሚባል የክብር ልብስ ይለብሳል። ፋሺስት ኢጣልያ በ1937 እ.ኤ.አ. ቁመቱ ወደ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን የሚደርሰውን የአክሱም ሐውልት ከወደቀበት አንሥታ ወደ ሮማ ወሰደችና በቅኝ ግዛት ሚኒስቴሯ ፊት አቆመችው። በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። ሐውልቱ ግን ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም፣ በቦታው ቆሞ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። በአሥራ ስምንት ወር የተቀጠረው ወደ ስድሳ ዓመት ተጠጋ። በዚያ ዘመን ሁሉ የጎደለው ውሉን ማወቅ አልነበረም፤ ቀጠሮውን መፈጸም እንጂ። ለዚህ ዓይነቱ ቸልታ ማስታወስ ብቻ አይበቃውም፤ መድኃኒቱ ሳይሰለቹ ደጅ መጥናትና ቀን መቁረጥ ነው። ሐውልቱንም ያስመለሰው በኢትዮጵያም በውጭም የነበሩ ሰዎች ሳያቋርጡ የጮኹት ጩኸት ነው።

፫. ንቀት

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል። ንቀት ከፊተኞቹ ሁለቱ የሚለየው ፍርድ ያለበት በመሆኑ ነው፤ የናቀ ሰው ነገሩን አልረሳውም፣ ለነገም አላሳደረውም፤ ይልቁንም «ይህ ሊጠበቅ አይገባውም» ብሎ በልቡ ፈርዶበታል።

በእኛ አገር በእጅ ሥራ ባለሙያዎች ላይ ከደረሰው ንቀት የከፋ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ማረሻውን ግን የሚቀጠቅጠውን ሰው ከማዕዱ ያርቀዋል፤ እመቤቲቱ ያለ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም፣ ምጣዱን ግን የምትሠራዋን ሴት በዓይነ ቁራኛ ታያታለች፤ በጥምቀት ቀን የሚለበሰው ነጭ ሸማ ያማረ ነው፣ «ሸማኔ» የሚለው ቃል ግን ለስድብ ይውል ነበር። «ጠይብ» የሚለው ስም ራሱ ጠቢብ ከሚለው የክብር ቃል የወጣ ሲሆን፣ በእኛ አፍ ውስጥ ሲዘዋወር ቆይቶ ከቡዳ ጋር ተዛመደ። ጥበብን የሚያህል ነገር ወደ ስድብ የለወጠ ሕዝብ ስለ ጥበብ መጥፋት ቢያለቅስ ልቅሶው ዘግይቷል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን በሚገባ ስለ ተገነዘቡ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ሰው ሁሉ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት መወለዱን፣ በሥራውም የሚሰደብ ባለሙያ ሙያውን ትቶ አገር ባዶ እንደምትቀር አመለከቱ። አዋጁ ታላቅ ነበር፤ የንቀት ሥር ግን በአንድ አዋጅ የሚነቀል አልሆነም። የተናቀ ባለሙያ ልጁን ሙያውን ከማስተማር ይልቅ ይሸሽገዋልና፤ የተናቀ ዕውቀትም አይጻፍም። ስለ ቅኔና ስለ ዜማ የሚናገሩ ስንት መጻሕፍት ሲኖሩን፣ ብረትን ከአፈር አቅልጦ ስለ ማውጣት በባለሙያው በራሱ እጅ የተጻፈ መጽሐፍ የት አለን? ዛሬ ያ ጥበብ በብዙ ቦታ ከመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተቀብሯል። የናቀን ሰው «አትርሳ» ቢሉት ትርጉም የለውም፤ ቀን ቢቆርጡለትም አይፈጽምም። ለንቀት መድኃኒቱ ማክበር ብቻ ነው፤ ማክበር ስልም በዐደባባይ ማመስገንን ብቻ አይደለም፤ ዋጋን በሚገባ መክፈልን፣ በማዕድ አብሮ መቀመጥን፣ ልጅን ለልጅ መዳርን ነው።

፬. አይቶ ማለፍ

በወንጌል ምሳሌ፣ በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አዩት። ወንጌሉ አላዩትም አይልም፤ አይተውት ገለል ብለው አለፉ። ከቸልታ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ በመጽሐፍ ብራና ላይ ወይም በሐውልት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ሥጋ ላይ የሚደርስ ነውና።

በ1965 ዓ.ም በወሎ የደረሰውን ረኃብ ስናነሣ ብዙ ጊዜ ዝናብን እንከስሳለን። ዝናቡ በእርግጥ ቀርቶ ነበር፤ ነገር ግን ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ከሌላው ዘመን እጅግ ያነሰ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው የረኃቡን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ፣ ከብቱን በርካሽ የሸጠ ዘላን፣ ሥራ ያጣ ሎሌ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ የሚገዛ ከሌለ ደግሞ ነጋዴ እህል አያመጣም። ስለዚህ ሰው እህል ባለበት አገር በረኃብ አለቀ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ ላይ በጻፉት መጽሐፍ፣ ድርቅ የተፈጥሮ ነገር ሲሆን ረኃብ ግን ገበሬውን መጠባበቂያ አሳጥቶ ከሚያኖረው ሥርዓት የሚወለድ መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል።

ወሬው አልተሰማም ለማለት አይቻልም። የተራቡት ሰዎች ወደ ደሴ መንገድ ወጥተው በዳር በዳሩ ተሰልፈው ይለምኑ ነበር፤ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ ያያቸው ነበር። ጉዳዩ ግን የመንግሥትን ስም እንዳያጎድፍ ተብሎ ተሸፈነ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ሥዕሎች ጋር እያቀላቀለ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ። ዙፋንን የሚያህል ነገር ከጦር ይልቅ አይቶ የማለፍ ሥዕል ጣለው። ነገር ግን ዙፋኑን የተካውም መንግሥት ትምህርቱን ለራሱ አልወሰደውም፤ በ1977 ዓ.ም ከዚያ የባሰ ረኃብ ሲመጣ ያ ሁሉ ተደገመ።

ለዚህ ቸልታ መድኃኒቱ የሚናገር አፍ ነው። አንድ ሰው አይቶ ሊያልፍ የሚችለው ያየው ሌላ ሰው እስከሌለ ድረስ ነው፤ «አየሁ» የሚል ድምፅ በዐደባባይ ሲሰማ ግን ያላዩ መምሰል ከዚያ በኋላ አይቻልም።

፭. ቸልታ የሚመስል፣ ግን ያልሆነ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ መተው ሁሉ ቸልታ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባናል። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ አረም የወረሰው ማሳ ሲያይ «ባለቤቱ ሰነፍ ነው» ይላል፤ ገበሬው ግን መሬቱ እንድታርፍ ጦም አሳድሯት ሊሆን ይችላል። የተጣለ ማሳና ጦም ያደረ ማሳ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ባለቤቱ የሚመለስበትን ቀን ማወቁ ነው። በሰሜኑ ደጋ አገራችን፣ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ሳለ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ የቆዩት የወይራና የጽድ ዛፎችም የዳኑት ስላልተነኩ ነው፤ ይሁንና «አይነካ» የሚል ሥርዓትና የሚጠብቅ ዓይን ነበረ።

በአንጻሩም ቸልታን የማይመስል ቸልታ አለ። የላሊበላ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈሉ ሲሆኑ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ከዝናብ ለመከላከል በማሰብ አንዳንዶቹ ሬንጅ መሰል ነገር ተቀቡ። ዓለቱ ግን በውስጡ እርጥበት የሚያሳልፍ ነበርና መውጫ ያጣው ውኃ ከውስጥ ያበሰብሰው ጀመር፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ በኢጣልያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት የመጡ ባለሙያዎች ያን ቅብ እየፋቁ ሲያነሡ ደከሙ። ቀቢዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ ገንዘብና ጉልበት ሰጡ፤ ድንጋዩን ግን አልጠየቁትም። ሳያጠኑ መንከባከብ ከዝንጋዔ ጋር ዘመድ ነው፤ አንዱ ነገሩን ይረሳል፣ ሌላው የነገሩን ጠባይ ይረሳል።

፮. ስማቸው ያልተጻፈ

በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል፤ በዓለም ካሉት ሥዕል ካለባቸው የክርስቲያን መጻሕፍት ሁሉ ከጥንታዊዎቹ መካከል ናቸው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ማለት ከአንድ ሺህ ክረምት በላይ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሰው ቀና ብሎ ክዳኑን አይቷል፤ በእያንዳንዱ ጥቅምት አንድ ሰው ማኅደሩን ዳስሶ እርጥበት እንዳልነካው አረጋግጧል፤ ጦር በመጣ ጊዜ አንድ ሰው ታቅፏቸው ሮጧል። ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንዱ እንኳ «ከፋሲካ በኋላ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም «ይህ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በእጃችን ምንም አይኖርም ነበር።

ያን የገጠር ደብር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሼ አየሁት። ክዳኑ በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ያ ዳዊት ግን ከቀድሞው ችካል ተነሥቶ በሌላው ግድግዳ በኩል ተሰቅሎ አገኘሁት። ሽማግሌው ቄስ አርፈው ነበር። ቦታቸውን የተካው ወጣት ዲያቆን ማኅደሩን ከማውረዱ በፊት እጁን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፤ ለምን ከቦታው እንዳነሣው ብጠይቀው፣ «አባ ሳይሞቱ ነው ያነሡት፤ እርስዎ በሄዱ ማግስት» አለኝ። መጨረሻውን ገልጬ የውግዘቱን ቃል እንደ ገና አነበብሁት። የጸሐፊው ስም አለ፣ ያስጻፈው ሰው ስም አለ፣ የሌባውና የፋቂው ውግዘት አለ። ከዚያ በታች ምንም ያልተጻፈበት ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ቀርቷል፤ ቄሱ ግን ስማቸውን አልጻፉበትም። እኔም የጠባቂው ስም የሚጻፈው እዚያ ሳይሆን ከፊቱ ባሉት ሳይረግፉ በቀሩት መስመሮች ላይ መሆኑ ገባኝ።